ጥርስ ባዳ አይደለም

ዘጌ ላይ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነበር። ከቡናው ጥላ ሥር በተጣለው ድንኳን አንድ አዛውንት ስለ ሟቹ የጉብዝና ዘመን አንድ ነገር ጣል ሲያደርጉ ሳቁ ሳናስበው አመለጠን። አጠገቤ የነበሩት አክስቴ የነጠላቸውን ጫፍ ፈጠን ብለው አፋቸው ላይ አደረጉና «ጥርስ ባዳ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ልብ እያዘነ ጥርስ ይስቃል፤ የሐዘኑ ተካፋይ አይደለም ማለታቸው ነው። ነጠላው የሸፈነው ግን ሳቃቸውን ብቻ አልነበረም። የፊት ጥርሶቻቸው ከላይም ከታችም ካለቁ ዓመታት ተቆጥረዋል። በልጅነታቸው የተነቀሱት ድድ ጥቁር ሰማያዊ መልኩን አልለቀቀም፤ የሚያደምቀው ጥርስ ግን የለም። ድዱ ራሱ ሳስቷል፣ ወርዷል፣ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ያ ድድ ለምን ወረደ? ከሥሩ የነበረው አጥንት የት ሄደ? ጥርሳቸው በወለቀበት ቀን ሌላ ቢተከልላቸው ኖሮ አጥንቱ ይቀር ነበር? ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ። የመጨረሻውን ለመመለስ ግን የዓለም የጥርስ ሐኪሞች ሃያ ዓመት ያህል ተሳስተው፣ ከዚያም ተራርመዋል።

ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ችካል አልተቸከለም። ተንጠልጥሏል። በሥሩና በአጥንቱ መካከል 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት አለ፤ ሁለት ወረቀት ቢደራረብ የሚያህል። ያ ክፍተት በእልፍ ጥቃቅን ጅማቶች ተሞልቷል። የድሮውን የጠፍር አልጋ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የተኛው ሰው ክብደት ጠፍሩን ይወጥረዋል፤ የተወጠረው ጠፍር የአልጋውን ዙሪያ ይስባል። ቆሎ ስንቆረጥም ጥርሱ ይገፋል፣ ጅማቱ ይወጠራል፣ አጥንቱ ይሳባል። አጥንት ደግሞ ሥራ ሲኖረው የሚጸና፣ ሥራ ሲያጣ የሚመነምን አካል ነው። ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዩሊዩስ ቮልፍ ይህን እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሮታል (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የጠፍሩ ጫፍ የሚታሰርበት የአጥንት ሽፋን ለብቻው መታወቅ አለበት። ጅማቶቹ በአንድ በኩል በጥርሱ ሥር፣ በሌላው በኩል በጕድጓዱ ግድግዳ ላይ ይቀበራሉ። የተቀበሩበትን ቀጭን የአጥንት ንጣፍ ማሰሪያ አጥንት እንበለው። ይህ አጥንት የተሠራው ለጥርሱ ነው፤ ከጥርሱ ጋር ያድጋል፣ ጥርሱ ሲወጣ ሥራው ያበቃል። ከተፈጥሯቸው ጥርስ የማይበቅልላቸው ሰዎች አሉ፤ ጥርስ ባልበቀለበት ቦታ ይህ አጥንት ጨርሶ አይነሣም፣ መንጋጋው ዝቅ ብሎ ይቀራል። በክልላችን አንዳንድ ቦታ ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ድድ ፈልፍሎ «የወተት ጥርስ» የማውጣት ልማድ ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። ጕዳቱ ሲነገር ስለ ደም መፍሰሱና ስለ ኢንፌክሽኑ ነው የሚወራው፤ ትክክል ነው። ከሥር ያለችው የቋሚ ጥርስ ቡቃያ ከተጎዳች ግን አብሯት ሊነሣ የነበረው አጥንትም ይጎድላል።

እንግዲህ አጥንቱ ጥርሱን እንደ ባዳ አያየውም። ጥርስ ለአጥንት የቤት አባወራ ነው፤ አባወራው ሲሄድ ቤቱ ይፈርሳል።

አሁን አመልካች ጣትዎን ከላይ ከፊት ጥርስዎ በላይ፣ ድዱ ላይ ያሳርፉና ወደ ጎን ያንሸራቱት። ጕብ ጕብ የሚለው የጥርሱ ሥር ነው። በጣትዎና በሥሩ መካከል ያለው አጥንት ምን ያህል ይመስልዎታል? በ2010 የታተመ የአውሮፓ ጥናት የላይ የፊት ጥርሶችን ጕድጓድ ለክቶ የውጪው ግድግዳ በአማካይ 0.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ አግኝቶታል። ከመቶ ሰማንያ ሰባቱ አንድ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ነበሩ። ይህን ያህል የሳሳ ግድግዳ አብዛኛው አካሉ ማሰሪያ አጥንት ነው። የጥርስ ተከላ ታሪክ በሙሉ በዚህ ግድግዳ ላይ የተደረገ ትግል ነው ብል አላጋነንሁም።

ጥርስ ሲነቀል ጕድጓዱ በደም ይሞላል፤ ደሙም ይረጋል። ሐኪሙ «አትጉመጥመጥ፣ አታጭስ፣ በምላስህ አትነካካው» የሚለው ለዚህ ለረጋ ደም ነው። ከወደቀ አጥንቱ ይራቆታል፤ ሕመሙም በሦስተኛው ቀን ገደማ ሌሊት አያስተኛም። ከተያዘ ግን በሳምንት ውስጥ በአዲስ ሥጋ መተካት ይጀምራል፤ ከዚያ ከሥርና ከዳር ለጋ አጥንት ይሞላዋል። እስከዚህ መልካም ነው። ጕድጓዱ ከውስጥ ሲሞላ ግን ግድግዳው ከውጭ ይናዳል። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ ይካሄዳሉ፤ ሰውየው የሚያየው ድዱ መዳኑን ብቻ ነው።

የሚናደው ለምንድን ነው? የጕድጓድ ግድግዳ ደም የሚያገኘው ከሦስት ቦታ ነው፤ ከጥርሱ ጅማት፣ አጥንቱን ከውጭ ከሸፈነው ስስ ልባስ፣ እና ከውስጥ ከመቅኒው። ያ ስስ ግድግዳ ግን ለመሳሳቱ ብዛት መቅኒ የሚባል የለውም። ጥርሱ ሲነቀል የጅማቱ ደም ተቋረጠ። ነቃዩ ለሥራ እንዲመቸው ድዱን ሰንጥቆ ከአጥንቱ ከገፈፈው ደግሞ የውጪውም ተቋረጠ። በሁለት ምንጭ ይኖር የነበረ ቤት በአንድ ጠዋት ያለ ውኃ ቀረ። ሰውነት የሞተ አጥንት አያቆይም፤ አፍራሽ ሕዋሳቱን ይልካል። በጣና ዳር ደንገሉ ሲነሣ ማዕበሉ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። እዚህ ማዕበል የለም፤ የሚያፈርሰው የገዛ አካላችን ነው፤ እንደ ተንኮል ሳይሆን እንደ ቤት ጽዳት።

መጠኑ ያስደነግጣል። በ2003 የወጣ የዴንማርክ ጥናት 46 ሰዎችን የኋላ ጥርሶቻቸው ከተነቀሉ በኋላ አንድ ዓመት ተከታተለ። የድዱ ሸንተረር ስፋት ከ12 ሚሊ ሜትር ወደ 5.9 ወረደ፤ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ከጠፋው ሁለት ሦስተኛው የጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። «ገንዘብ ሳገኝ፣ ከዓመት በኋላ አስተክላለሁ» የሚል ሰው ሲመለስ የሚያገኘው የተነቀለበትን አጥንት አይደለም።

አክስቴ ከሦስት ወር የሚበልጥ፣ ሠላሳ ዓመት ጠብቀዋል። በመካከሉ ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠርተው ነበር። ለሠርግና ለጥምቀት ያደርጉታል፤ ሌላውን ቀን ከብርጭቆ ውኃ አይወጣም። «የታችኛው ሲነካኝ እንደ ኮረንቲ ያንዘረዝረኛል» ይላሉ። ማጋነን ይመስለኝ ነበር። የታችኛው መንጋጋ ውስጥ ወደ ከንፈርና ወደ አገጭ የሚሄድ ነርቭ አለ፤ በጎን በኩል በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። ጥርስ ሲኖር ቀዳዳው ከድዱ ጫፍ በጣም ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። አጥንቱ ከላይ እየተሸረሸረ ሲወርድ ግን ነርቩ ባለበት ሳለ ጣሪያው ይነሣበታል፤ በመጨረሻ ከድዱ ሥር ልክ ሰው ሠራሹ ጥርስ በሚቀመጥበት ቦታ ይራቆታል። አክስቴ እንጀራ ሲጎርሱ የሚረግጡት ነርቭ ነው። ኮረንቲ ማለታቸው ትክክል ነበር። በ1972 የታተመና ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደረጉ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት የተከታተለ ጥናት የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል እንደሚያልቅ አሳይቷል። ተነቃዩ ጥርስ ድዱን ይጫናል እንጂ አጥንቱን አይስብም፤ ጠፍሩ የለማ።

የአጥንቱን ቤት በብረት አባወራ መልሶ ማቆም እንደሚቻል የታወቀው ታስቦበት አልነበረም። ነገሩ የመጣው በሌላ በር ነው። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1952 በሉንድ ከተማ የጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ደም እንዴት እንደሚዘዋወር ለማየት ከቲታኒየም የተሠራ ትንሽ የማያ ዕቃ ቀብሮ ነበር። ሙከራው ሲያልቅ ዕቃውን ሊያወጣ ቢል እምቢ አለው፤ አጥንቱ ይዞታል። ቲታኒየም አየር ሲነካው ወዲያው በስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይለበጣል፤ ሕዋሳት የሚያገኙት ያንን ሽፋን ነው፤ እንደ ባዕድ አይሸሹትም፣ በላዩ አጥንት ይሠሩበታል። በ1965 በየተቦሪ ከተማ ጎስታ ላርሶን የሚባል፣ ከመወለዱ ጀምሮ መንጋጋው ችግር የነበረበትና የታች ጥርስ ያልነበረው ሰው የመጀመሪያው ታካሚ ሆነ። ላርሶን በ2006 ሲሞት የተተከሉለት አፉ ውስጥ ነበሩ፤ ከአርባ ዓመት በላይ አገልግለውታል።

እውነተኛው ባዳ ብረቱ ነው፤ አጥንት ግን ተቀበለው። ተቀበለው ስል ጠፍሩ ተመለሰ ማለቴ አይደለም። በተከላና በአጥንት መካከል ጅማት የለም። ቀጥታ ተጣብቀዋል።

የብሮኔማርክ ሥርዓት ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። ጥርስ ይነቀላል፤ ጕድጓዱ እስኪድን ወራት ይጠበቃል፤ ይተከላል፤ ድዱ ይሰፋና ተከላው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ተቀብሮ ይቆያል፤ ከዚያ ተከፍቶ ጥርስ ይደረግበታል። ዓመት ይሞላል። ታካሚ ሰለቸው፣ ሐኪምም ሰለቸው። በ1970ዎቹ በጀርመን ቱቢንገን ቪልፍሪድ ሹልተ ከነቀለበት ጕድጓድ ውስጥ በዚያው ዕለት ከሴራሚክ የተሠራ ተከላ ማስገባት ጀመረ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በቲታኒየምም የሚያደርጉት በዙ። ሐሳቡ ያማልላል፤ ሥሩ ወጣ፣ ጕድጓዱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ብረቱን አስገባና አጥንቱ ጥርስ እንደ ጎደለ ሳያውቅ ይቅር። ተከላው ግድግዳውን ደግፎ ያቆመዋል ተባለ። ተጻፈ፣ ተሰበከ።

አጥንቱ ግን አልተታለለም። በ2004 ቦቲቼሊና ባልደረቦቹ በ18 ሰዎች ላይ በተነቀለበት ዕለት 21 ተከላዎች ካስገቡ በኋላ በአራተኛው ወር ድዱን ከፍተው ለኩ። በብረቱና በግድግዳው መካከል የነበረው ክፍተት አብዛኛው በአዲስ አጥንት ተሞልቷል። የውጪው ግድግዳ ውፍረት ግን ከግማሽ በላይ፣ 56 በመቶ ያህል፣ ሄዷል፤ የምላስ በኩሉ 30 በመቶ ያህል። በቀጣዩ ዓመት አራውዦና ሊንደ በውሾች ላይ ያደረጉት ምርመራ ምክንያቱን በማይክሮስኮፕ አሳየ፤ ተከላ ያለበት ጕድጓድና ባዶው ጕድጓድ የውጪ ግድግዳቸው የሚናደው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ማሰሪያ አጥንት የታሰረው ከጥርሱ ጅማት ጋር ነበር፤ ቲታኒየም ጅማት የለውም። ስለዚህ በዕለቱ መትከል ጊዜ ያተርፋል፣ አንድ ቀዶ ሕክምና ይቀንሳል፤ አጥንት ግን አያተርፍም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያውቅ ታካሚ ማስታወቂያ አያደናግረውም።

ባሕር ዳር ላይ በዕለቱ ይተከል ወይስ ይጠበቅ የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በባጃጅ ነው። የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከዓባይ ማዶ ሲመጣ የተሳፈረባት ባጃጅ ተገለበጠችና ፊቱን የፊተኛው ወንበር ብረት መታው። መንጋጋው አልተሰበረም፤ ተሰብሮ ቢሆን መንገዱ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ነበር። የላይኛው የፊት ጥርሱ ግን ከድድ በታች፣ ሥሩ ላይ ተሰንጥቋል። እናቱ እየሮጡ ደወሉልኝ።

እዚህ ላይ ከነገሩ ልውጣ፤ ለአንድ አንባቢ እንኳ ቢጠቅም። ጥርሱ ተሰንጥቆ ሳይሆን ሙሉውን ወልቆ እጁ ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ነበር። የወለቀን ቋሚ ጥርስ ከሚታየው ነጭ ክፍሉ መያዝ፣ ሥሩን አለመፈተግ፣ ቆሽሾ እንደ ሆነ በወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ለአፍታ ማለቅለቅና ወደ ቦታው መመለስ፤ ካልተቻለ ወተት ውስጥ ከትቶ ወደ ሐኪም መሮጥ። ሥሩ ላይ የቀሩት የጅማት ሕዋሳት ደርቀው ከአንድ ሰዓት በኋላ የመኖር ዕድላቸው እጅግ ያንሳል። ጠፍሩን የሚመልስ ብቸኛ ተከላ ራሱ ጥርሱ ነው። የልጅ የወተት ጥርስ ግን አይመለስም፤ እሱ እንደ ልማዳችን ጣራ ላይ ይወርወር።

ወደ ልጁ ልመለስ። ወደ ጥርስ ሐኪም ወሰድነው፤ ሐኪሟ ወጣት ናት። ራጁን መስኮቱ ላይ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ አጥንቱን በሦስት አቅጣጫ የሚያሳይ ምስል አስነሣችው። «ውጪው ግድግዳ አለ፤ ስስ ነው፣ ግን አለ። መግልም የለውም። ዛሬ መትከል ይቻላል፤ ካልፈለጋችሁ ከስድስት፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ ድዱ ሲድን እንተክላለን» አለችን። እኔ መጠበቁን ወደድሁ። ልጁ «ምረቃዬ ደርሷል፣ ወላቃ ሆኜ ፎቶ አልነሣም» አለ። ወሰነ፤ አፉ የእሱ ነው።

የዚያ ሰዓት ከባዱ ሥራ መትከሉ አልነበረም። መንቀሉ ነበር። እንደ ምላጭ የሳሳ መሣሪያ በጥርሱና በአጥንቱ መካከል እያስገባች ጅማቱን ዙሪያውን በጠሰች፤ ከዚያ ሥሩን በቀስታ እያዞረች አወጣችው። ወደ ውጪ አልወዘወዘችውም። መወዝወዝ ያቺን ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰች ግድግዳ ይሰብራታል፤ ስንት ሰው በጕጠት ጉልበት አጥንቱ ከጥርሱ ጋር ተቀንጥሶ ወጥቶበታል። ድዱንም አልሰነጠቀችውም፤ የውጪው የደም መንገድ እንዳይቋረጥ። በቀጭን መለኪያ የውጪውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው። «ሙሉ ነው» አለች፤ ፊቷ ሲፈታ አየሁት።

ቀጥሎ የሆነውን ያላየ ሰው ተከላው ሥሩ በነበረበት ቦታ ልክ የሚገባ ይመስለዋል። አይደለም። ወደ ላንቃ ጠጋ ብሎ፣ በወፍራሙ የውስጥ ግድግዳ ላይ ነው መንገዱ የተቆፈረው፤ ከሥሩ ጫፍም አልፎ ጥቂት ሚሊ ሜትር ጠንካራ አጥንት ውስጥ ገባ። በዚህ ምክንያት ከብረቱ ፊት ለፊት፣ በውጪው ግድግዳ በኩል፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ቀረ። ያንን በደቃቅ የአጥንት ምትክ ሞላችው። ምትኩ ግድግዳው ሲናድ የድዱ ቅርጽ አብሮ እንዳይወድቅ ይይዛል፤ መናዱን አያስቀርም፣ ይቀንሳል እንጂ። እናቱ «ከምንድን ነው የተሠራው?» አሉ። ከከብት አጥንት፣ በከፍተኛ ሙቀት ተዘጋጅቶ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ከሚውሉ መሸፈኛዎች አንዳንዶቹ ከአሳማ የሚገኙ ናቸው፤ ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ፣ ሌላ ዓይነት ሊያስመርጥ መብቱ ነው።

ተከላው ሲጠብቅ መለኪያው 35 ኒውተን ሴንቲ ሜትር አለፈ። ከዚህ በታች ቢሆን ጊዜያዊ ጥርስ አይደረግበትም ነበር። ለምን እንደ ሆነ በቆርች አጥር ማስረዳት ይቀላል። የቆርች ግንድ ለአጥር ሲተከል መጀመሪያ የሚይዘው በደንብ ተመትቶ አፈሩ ስለ ጨበጠው ነው። ከሳምንታት በኋላ ሥር ሰዶ ይይዛል። በሁለቱ መካከል አፈሩ የላላበት፣ ሥሩም ገና ያልያዘበት ጊዜ አለ፤ ከብት የሚነቅለው ያኔ ነው። ተከላም እንዲሁ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ገደማ የመጀመሪያው ጭብጥ ላልቷል፣ አዲሱ አጥንት ገና አልጠነከረም። ልዩነቱ እዚህ ሥር የሚሰደው ግንዱ ሳይሆን አፈሩ መሆኑ ነው። ስለዚህ የልጁ ጊዜያዊ ጥርስ ሲነክስ ከታቹ ጋር እንዳይገናኝ አጠረ። ለፎቶ እንጂ ለቆሎ አልነበረም። ሽሮ፣ አጥሚት፣ አጥንቱ የወጣለት ዓሣ፤ ቁርጥ ለጊዜው የለም።

አንድ ነገር ብቻ አጣላን። ልጁ እንደ እናቱ ፍንጭት ነው። የመጀመሪያው ጊዜያዊ ጥርስ ሲመጣ ፍንጭቱ ተዘግቷል፤ የሠራው ባለሙያ ጉድለት መስሎት አሳምሮ ሞልቶታል። እናቱ «ልጄን ለወጣችሁብኝ» ብለው ሊያለቅሱ ደረሱ። ሐኪሟ ራሷ ሞርዳ ክፍተቱን መለሰችለት።

እንዲህ የተተከለ ጥርስ ስንት ጊዜ ይቆያል? በ2012 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ በተነቀለበት ዕለት ከተተከሉት 98.4 በመቶው በሁለተኛው ዓመት በቦታቸው እንደ ነበሩ አስልቷል። እጅግ ደስ የሚል ቁጥር ነው። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከጠበቁት ጋር ሲነጻጸርስ? በ2019 የወጣ ሌላ ግምገማ ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ በዕለቱ የተተከሉት 94.9 በመቶ፣ ተጠብቀው የተተከሉት 98.9 በመቶ ቆይተዋል። የወደቁት አብዛኞቹ ገና በማለዳው፣ አጥንቱ ሳይዛቸው የወደቁ ናቸው። ከመቶ አራት ሰው ብዙ ነው? ለወደቀበት ሰው ነው። በተለይ ለአንድ ተከላ ዓመት የቆጠበ ሰው ከሆነ።

ከዚህም በላይ «ቆየ» ማለት «ተሳካ» ማለት አይደለም። ቆየ የሚባለው ከአፍ ያልወጣ ተከላ ነው። የፊት ድዱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ሸሽቶ ጥርሱ ከጎረቤቱ ረዝሞ፣ ወይም በሳሳው ድድ ውስጥ የብረቱ ጥላ ግራጫ ሆኖ እየታየ በቁጥሩ ውስጥ «ቆየ» ተብሎ ይገባል። በአንገቱ ዙሪያ ያለው አጥንትም ይለካል፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተለመደው መስፈርት በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ማለቁን ይታገሣል፣ ከዚያ በኋላ ግን በዓመት ከ0.2 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይፈልጋል። አፉን ሲከፍት ድዱ የማይታይ ሰው መሸሹ ላያስጨንቀው ይችላል። ድዳቸውን ለተነቀሱ እናቶች ግን አንድ ሚሊ ሜትር በንቅሳቱ ጠርዝ ላይ እንደ ስንጥቅ ትታያለች።

እኔ ለራሴ ቢሆን የምመርጠው ግልጽ ነው። የውጪው ግድግዳ ሙሉ ካልሆነ፣ መግል ካለ፣ ብረቱን አጥብቆ የሚይዝ አጥንት ከጕድጓዱ በላይ ከሌለ አልቸኩልም፤ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ጠብቄ፣ ድዱ ሲድን፣ አጥንቱ ሳይርቅ አስተክላለሁ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የመውደቅ ዕድሉ እጥፍ ገደማ ነው፤ ጫት ቤት ሲጋራ ከቅጠሉ ስለማይለይ ይህ በከተማችን ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ስኳሩ ያልተስተካከለ፣ ድዱ የሚደማ፣ ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰውም ቅድሚያ እነሱን ያስተካክል። በዕለቱ መትከል ለጥቂቶች የተቆረጠ ልብስ ነው፤ ልክ ለሆነለት ግን ያምርበታል።

የእኛ አገር ችግር ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ይጀምራል። አብዛኛው ሰው ወደ ሐኪም የሚመጣው ጥርሱ ሲያመው ነው፤ የሚፈልገው እንዲነቀልለት ነው፤ የሚነቀለውም በአንድ ጕጠትና በአንድ ትንፋሽ ነው። ቦታው ላይ ወደፊት ምን ይሆናል የሚለውን ማንም አያነሣም፤ የሚጠይቅም የለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞች ማሠልጠኑ ለዚህ አካባቢ ትልቅ ተስፋ ነው። የተከላ ዕቃ ከውጭ የሚመጣ፣ በምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ለብዙ ቤተሰብ ገና ሩቅ ነው። ግድግዳውን ሳይሰብሩ መንቀል ግን ምንዛሪ አያስፈልገውም። እጅና ትዕግሥት ነው፤ ዛሬ ማስተከል ለማይችለው ሰው እንኳ ከዓመታት በኋላ የሚተርፈውን አጥንት የሚወስነው ያ ነው።

ከውጭ አገር የሚመጡ ዘመዶቻችንም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አውሮፓና አሜሪካ ያስተከሉት ጥርስ እዚህ ሲላላ፣ ብሎኑን የሚፈታው መፍቻ ከተማው ውስጥ ላይገኝ ይችላል፤ የየፋብሪካው ብሎን የየራሱ ነውና። የተከላው ስም፣ ስፋትና ርዝመት የተጻፈበትን ካርድ ከፓስፖርታቸው ጋር ይያዙ።

ልጁ ተመረቀ። ፎቶው አክስቴ ግድግዳ ላይ፣ ከቅድስት ማርያም ሥዕል በታች ተሰቅሏል፤ ፍንጭቱ ይታያል። በስድስተኛው ወር ጊዜያዊው ወጥቶ ዋናው ተገጠመለት። በዓመቱ አብሬው ሄድሁ። ሐኪሟ መለኪያዋን ድዱ ላይ አስደግፋ የጎረቤቱን ጥርስ አየች፣ ተመልሳ አዲሱን አየች። «ድዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሸሽቷል» አለች፤ ካርዱ ላይ ጻፈችው፤ ራጁን ካለፈው ራጅ ጎን አስቀምጣ ቀኑን አሰፈረች። ልጁ ካርዱን ከመታወቂያው ጋር ቦርሳው ውስጥ ከተተ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከጥምቀት በኋላ ነው።